የአስማማው አርባ አንድ ጉዞዎች

በደብረ ማርቆስ አራት የከተማ አውቶቡሶች አሉ። አራቱም ሰማያዊ ናቸው፣ የሚሠሩትም በአንድ መስመር ነው፤ ከመናኸሪያው ተነሥተው፣ ገበያውን አቋርጠው፣ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፈው፣ ሆስፒታሉ ጋ ሰው አውርደውና ጭነው፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይዞራሉ። ሰባት ኪሎ ሜትር ናት። ዓባይ በረሃን ሃያ ሰባት ዓመት ሲወጣና ሲወርድ ለኖረ ሾፌር ሰባት ኪሎ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። አስማማውም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ብሎ ነበር። ስሙ ሊጠፋ የደረሰው ግን በዚያ ሁሉ ገደል ሳይሆን በዚችው ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

አስማማው የተወለደው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቱ ጤፍና ስንዴ አራሽ ነበሩ። የእናቱ ምኞት ደግሞ ልጃቸው ቀስሶ ሲቀድስ ማየት ነበር፤ ስለዚህ ገና በስድስት ዓመቱ ለየኔታ ሰጡት። ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ጀመረ። የእጅ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር፤ ዛሬም ያየው ሁሉ የብራና ጸሐፊ እጅ ነው ይላል። ችግሩ የየኔታ ጎጆ ከአስፋልቱ ብዙም አለመራቁ ነው። የጭነት መኪና ሲያጓራ የአስማማው ልብ ከዜማው ይወጣል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ ማለዳ ደጀን ድረስ በእግሩ ሄዶ የመኪና ረዳት ሆነ። እናቱ ሦስት ወር አላነጋገሩትም። ቄስ ስጠብቅ ጎማ ፈቺ ወለድሁ እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር።

መሪ ያስያዘው ዘማርያም የሚባል የደጀን ሰው ነው። በዚያ መንገድ የሱን ያህል የተከበረ ሾፌር አልነበረም። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መውረድን ያስተማረው እሱ ነው። አስማማው ነዳጅ ረገጥ ባደረገ ቁጥር ትከሻውን መታ ያደርገውና፣ ገደሉ አልቸኮለ፣ አንተን ምን አስቸኮለህ ይለዋል። ያ ጥንቁቅ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት፣ ፍሬን እምቢ ባለው መኪና ተመትቶ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ደጀን ሲወጣ በመንገዱ ላይ የነበረው መኪና ሁሉ፣ ባዶውም ጭነት ያለውም፣ ተሰልፎ በአንደኛ ማርሽ ተከተለው። የቀደመ አልነበረም፣ ክላክስ የነካም አልነበረም። አስማማው የዚያን ዕለት፣ ከእንግዲህ አስከሬን አልቀድምም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ማንም አላስማለውም። ጎጃሜ ግን ለራሱ የገባውን ቃል ከሚያፈርስ ጥርሱን ቢያስነቅል ይቀለዋል።

በበረሃው ሃያ ሰባት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን አልገለበጠም፤ ሰው ቀርቶ ጥጃ አልገጨም። በመጨረሻ ሚስቱ የኔአለም ስልክ ስትጠብቅ ማደር ሰለቻትና፣ ወይ እኔን ወይ በረሃውን ምረጥ አለችው። እሱም ትንሽ አስቦ (ትንሽ ማሰቡን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም) እሷን መረጠ። ይኸው ከስድስት ዓመት ወዲህ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሦስት ቁጥር አውቶቡስ የሱ ናት።

አምና በሐምሌ አራቱም አውቶቡሶች ላይ ጂፒኤስ ተገጠመ። መኪናው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እየመዘገበ ወደ ቢሮ የሚልክ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው። ያስገጠመው የአውቶቡስ አገልግሎቱ ኃላፊ አቶ የሺዋስ ነው። የሺዋስ ሐሜት አይሁንብኝና ታታሪ ሰው ነው፤ ከማንም በፊት ቢሮ ይገባል፣ ከማንም በኋላ ይወጣል። ብቻ ቁጥር ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ፊት ለፊቱ ሰው ቆሞ ከሚያስረዳው ይልቅ ግድግዳ ላይ የበራ ቁጥር ይታየዋል።

በግንቦት ወር ስብሰባ ተጠራ። ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ ትኬት ቆራጮች፣ የተሳፋሪ ተወካዮች ተብለው ከየቀበሌው የመጡ ሽማግሌዎችም ነበሩ። የሺዋስ ለአንድ ጉዞ የተፈቀደው ጊዜ ከፍ ቢል አርባ አምስት ደቂቃ መሆኑን አስታወሰና፣ ከዚያ ያለፈውን ጉዞ በየሾፌሩ ማንበብ ጀመረ። አንደኛ የወጣው ይታያል የሚባለው ጎረምሳ ሾፌር ነው፤ በአሥር ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ ነው የዘገየው። ሁለተኛው ሰባት፣ ሦስተኛው ዘጠኝ። አራተኛና የመጨረሻ አስማማው፣ አርባ አንድ ተባለ።

ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። አንድ ሰው ጋሽ አስማማው በረሃውን በእግራቸው ነበር እንዴ የሚወርዱት አለ፤ ሳቁም በረታ። የሺዋስ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የመጨረሻ የወጣው ሾፌር መሪ ለቆ ወደ ጋራዥ ጥበቃ እንደሚዛወር አስታወቀ። አስማማው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ዘበኛነት ነውር ሥራ አይደለም፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ቀርፋፋ ብሎት ለማያውቅ ሰው ግን ሥራውን ሳይሆን ስሙን ነበር የወሰዱት። ጆሮው እስኪግል ተናደደ። ብድግ ብሎም እነዚያ አርባ አንድ ቀናት የትኞቹ ናቸው ብሎ ጠየቀ። መረጃው የውስጥ ነው፣ ለሠራተኛም ለሕዝብም አይሰጥም ተባለ።

በማግሥቱ ማመልከቻ ጻፈ። በዚያ በሚያምር እጁ፣ መስመሩ ሳይዛባ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይሞላ ጻፈው። የማመልከቻው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ «ስሜ የተነበበው በአደባባይ ነው። ስለዚህ የአራታችንም ሾፌሮች የጉዞ ሰዓትና ፍጥነት በአደባባይ ተለጥፎ ሕዝቡ ራሱ እንዲያየው እጠይቃለሁ። አውቶቡሱ የሕዝብ ነው፤ በአውቶቡሱ ላይ የባከነውም ሰዓት የሕዝቡ ነው።» የሺዋስ አነበበውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እዚያው ይቀር ነበር፤ የመረጃ ሠራተኛዋ ማርያማዊት ግን ግልባጩን መዝገብ ቤት አግኝታ አነበበችው።

ማርያማዊት ከዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምራ የወጣች፣ ትንሽ ነገር የሚከነክናት ልጅ ናት። አርባ አንዱን ጉዞዎች ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። መንገድ ላይ የሚዘገይ መኪና ሄድ ቆም ይላል፤ ገበያው ጋ ይቆማል፣ አህያ ሲያቋርጥ ይቆማል። እነዚህ ግን እንዲያ አልነበሩም። አርባ አንዱም የዘገዩት ከሆስፒታሉ እስከ ማርቆስ ደጅ ባለችው መንገድ ላይ ብቻ ነው። እዚያች ላይ መኪናዋ ሳትቆም፣ ሳትፈጥን፣ በሰው እርምጃ ልክ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንደ ወትሮዋ ናት። ማርያማዊት መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ አሰበች። አስማማውንም አስጠርታ ጠየቀችው።

አስማማው መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አየ። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። በኛ አድርጊልኝ አላት፤ እሷ ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሰች ስትነግረው እሱ ደግሞ ከቀኑ ወደ በዓሉ ይመልሰዋል። ወረቀቱ በቀን ቅደም ተከተል አልነበረም፤ መጀመሪያ ያነበበችለት ኅዳር ሃያ ሁለት ናት። የኅዳር ጽዮን ማግሥት ነዋ አለ። ቀጥሎም ያ ቀን መምህር ኪዳነ ማርያም የተቀበሩበት መሆኑን፣ ተማሪዎቻቸው መንገዱን ሞልተውት እንደነበር ነገራት። ሁለተኛዋ የጥር ሥላሴ ናት፤ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ቀብር። ሦስተኛዋን አላወቃትም። አራተኛዋንም። የማን እንደነበሩ አላውቅም አላት፤ ብቻ ሰው ሞቶ ነበር፣ እኔም ከኋላ ነበርሁ።

ማርያማዊት እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። የሌሎቹ ሾፌሮችስ መኪና በዚያ ሰዓት ቀብር አይገጥመውም ወይ ብላ ጠየቀችው። አስማማው ሰው ማሳጣት አልፈለገም። የኔን ጠየቅሽኝ፣ የኔን ነገርሁሽ ብሎ ተነሣ።

ነገሩ የሺዋስ ጆሮ ደረሰ። ሰውየው ክፉ ስላልሆነ ደነገጠ፤ ቁጥር ወዳድ ስለሆነ ደግሞ መፍትሔው ወዲያው ታየው። አስማማውን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋና፣ አርባ አንዱን ጉዞዎች የመሣሪያ ስሕተት ናቸው ብዬ ከመዝገቡ አሰርዛለሁ አለው። እነሱ ከተሰረዙ አስማማው አንድ እንኳ የዘገየ ጉዞ አይኖርበትም፤ ከአራቱ አንደኛ ይወጣል። በምላሹ ማመልከቻውን ያነሣል፤ የሚለጠፍ ነገር አይኖርም። ይታሰብበት፣ እስከ ነገ ጊዜ ይኑርዎት ብሎ ሸኘው።

የኔአለም ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከመጨረሻ አንደኛ! ደግሞስ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ፣ እሺ ብለህ እጅ ንሣና ና፤ ምን ያከራክርሃል አለችው። አስማማው እራቱን እየበላ የትኞቹ ጉዞዎች እንደሚሰረዙ ነገራት። የመምህሩን ነገራት፣ የዳቦ ጋጋሪዋን ነገራት፣ የማያውቃቸውንም ነገራት። የኔአለም በዚያች ዳቦ ጋጋሪ ለቅሶ ተቀምጣ ነበርና ፊቷ ተለወጠ። የጎረሰችውን ዋጠችና እንዲህ አለች፦

«አንድ ጊዜ የተቀበረን ሰው ደግመው ሊቀብሩት ነው? ተው፤ አይሆንም።»

አስማማው ሚስቱን አያትና ኮራባት። ከበረሃው ይልቅ እሷን መምረጡ ልክ እንደነበር ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፉ ነገራት።

በማግሥቱ የሺዋስ ፊት ቆመ። አስቦበት ስለመጣ ንግግሩ አጭር ነበር።

«መሣሪያው አልተሳሳተም። እኔም አልተሳሳትሁም። ስሕተት ተብሎ የሚሰረዝ ነገር የለኝም።»

የሺዋስ እጁን ዘርግቶ ያልተጨበጠለት ሰው ሆነና ቆጣ አለ። ሰው ሊረዳዎ ሲፈልግ እንዲህ ከሆነ እንግዲያውስ ይለጠፍ፤ ከተማው ሁሉ አርባ አንዱን ይይልዎት አለ። ማርያማዊትንም ጠርቶ እንድታዘጋጅ አዘዛት። ያሰበው አስማማው በሕዝብ ፊት አፍሮ በራሱ ጊዜ ጋራዥ ይገባል ብሎ ነው። መልካም ነገር አንዳንዴ በቁጣም ይደረጋል።

ማርያማዊት ግን ቅጣት እያዘጋጀች ያለች አልመሰላትም። ቀኑን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ወደ እኛ ሰዓት መለሰችው። በየቀኑ የእያንዳንዱ ሾፌር ፈጣኑና ዘገምተኛው ጉዞ የወጣበትን ስድስት ገጽ በትልልቅ ፊደል አትማ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሙሉው ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከነደቂቃውና ከነፍጥነቱ፣ በሦስት ጥራዝ ተጠርዞ ከትኬት መስኮቱ ሥር በሲባጎ ታሰረ። የፈለገ እየገለጠ ያነባል።

የመጀመሪያው ቀን የሳቅ ቀን ነበር። ሰው አርባ አንዱን እየቆጠረ ሳቀ። አስማማው መኪናውን ሊያቆም ሲገባ ያየዋል፤ ይሰማዋልም። ከወንበሩ ሳይወርድ ተሳፋሪ ጭኖ ይወጣል። ስም ከመቃብር በላይ ነው እየተባለ ያደገ ሰው በቁሙ ሲሳቅበት ማየት ቀላል አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች ጥራዙን መግለጥ ጀመሩ። ተማሪ ደግሞ የሌላውን ስሕተት ከማግኘት የበለጠ ደስታ የለውም። የአስማማው ጉዞዎች አርባ አንዱን ትታችሁ ብታዩዋቸው ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ናቸው፤ ለአሥር ወር ንቅንቅ አላሉም። የሌሎቹ ግን አንዴ አርባ አራት፣ አንዴ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የምርመራ ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ እነዚህን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃዎች ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ቀኖቹን ታስታውሳቸዋለች፤ ሆስፒታሉ ፌርማታ ላይ ቆማ ቆማ አውቶቡስ ያጣችባቸው ቀናት ናቸው። ጥራዙን ከአስማማው ቀናት ጋር ስታስተያየው ነገሩ ተገለጠላት። አስማማው በሰው እርምጃ በሄደባቸው ሰዓታት ሌሎቹ ሆስፒታሉን ዘልለው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የሄዱት። ለምን ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። አጠገቧ የነበረ ባለሱቅ ግድግዳው ላይ የአንዱን ቀን መስመር በጣቱ ይዞ ቆሞ ነበር። ይህ ወንድሜ የተቀበረበት ቀን ነው አለ። ከኪሱ እርሳስ አወጣና ከቁጥሩ ጎን የወንድሙን ስም ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ውስጥ በግድግዳው ወረቀት ላይ ሠላሳ አራት ስም ተጽፎ ነበር። አንዳንዱ ስም ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ነፍስ ይማር የሚል ተጨምሮበታል። አስማማው ማርቆስ ደጅ ላይ ሲደርስ የማያውቃቸው ሰዎች ቆብ ያነሡለት ጀመር። እሱም ግራ ገብቶት እጁን እያነሣ ያልፋል።

የሺዋስ የመንግሥት ሰነድ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል ሲባል ሊያነሣው መጣ። ቀኑ የሰኔ ማርያም ነው። ከሱ ጥቂት ቀደም ብላ ከመርጡለ ማርያም በመጣው አውቶቡስ አንዲት ሐዘን ያጠቆራት ሴት ወርዳ ነበር፤ ወለተ ሰንበት ትባላለች። ባሏ መቃብር ላይ ድንጋይ ልታስተክል ነው የመጣችው። ሰው ተሰብስቦ ስታይ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ነገሯት። እሷ ማንበብ አትችልም። የተላቀቀውን ወረቀት መልሳ ልትለጥፍ የቆመችውን ማርያማዊትን ያዘችና፣ የነሐሴ ሚካኤልን ፈልጊልኝ አለቻት።

ማርያማዊት ጥራዙን ገለጠች። ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደረሰ። ሰማንያ ሁለት ደቂቃ፤ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር። ከአርባ አንዱ ሁሉ ረጅሙ ጉዞ ይህ ነበር። ወለተ ሰንበት ደጋግማ አስነበበቻት። ልክ በዚያ መካከል አስማማው ተሳፋሪ ሊያወርድ መኪናውን አስገባ። የዚህ መኪና ሾፌር የትኛው ነው ብላ ጠየቀች፤ አሳዩአት። ሄዳ ፊቱ ቆመች። የሺዋስ ወረቀቱን ሊገነጥል የዘረጋውን እጅ እንደዘረጋ ቀረ።

ባሏ ሆስፒታሉ ውስጥ እንደሞተ፣ ወደ አገሩ እንዳትወስደው ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት እንደነበር ነገረችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ሰባት ነበርን። ከሰባታችን አራቱ ተሸካሚ ናቸው። ሰው በሌለኝ አገር፣ በዝናብ፣ እንደ ባዕድ ልቀብረው ነው ብዬ ሳለቅስ ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ደጁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ወንዶቹ ተቀብለው ተሸከሙልኝ፣ ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ። ከየት መጡ እያልሁ እስከ ዛሬ ግራ ገብቶኝ ነው የኖርሁ። ከመኪናህ ነው የወረዱት?»

አስማማው ቀኑን አስታወሰው። ዝናቡን፣ ጭቃው ላይ የሚንሸራተቱትን አራት ተሸካሚዎች፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተሳፋሪዎቹን ማየቱንና ምንም ሳይናገር በሩን መክፈቱን አስታወሰ። የወረዱት ሠላሳ ሦስት ነበሩ፤ ትኬት ቆራጯ ከኋላ ቆጥራቸዋለች። እሱ ባዶ መኪናውን መብራቱን አብርቶ በአንደኛ ማርሽ ተከተላቸው።

«እኔ ምንም አላደረግሁም፣ እቴ» አላት። «የወረዱት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። እኔ በሩን ነው የከፈትሁ።»

«በሩን የከፈተው ነው ሰው የሰጠኝ» አለችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። እሱም ደንግጦ ብድግ አደረጋትና አለቀሰ። ሾፌር ሲያለቅስ ያዩ ትኬት ቆራጮችም አብረውት አለቀሱ። የሺዋስ እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሣ፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ስብሰባው ተደገመ። አዳራሹ ከግንቦቱ እጥፍ ሞልቶ ነበር። የሺዋስ ቁጥሮቹን እንደገና አነበባቸው፤ አንዱንም አልለወጠም። አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አስማማውን የሚሉት ካለ ጠየቀው።

«አርባ አንዱም የኔ ናቸው» አለ አስማማው፣ ተቀመጠም።

የሺዋስ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቅበት ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ማርያማዊትን እንድትጽፍ አዘዛት። ከሐምሌ ጀምሮ የአራቱም አውቶቡሶች የጉዞ ሰዓትና ፍጥነት በየወሩ ሳይጓደል መናኸሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ጥራዙም ለማንም ክፍት ይሆናል። ሆስፒታሉን የዘለለ ጉዞ እንደ ጉዞ አይቆጠርም። ከቀብር ኋላ የተሄደ ጉዞ ሰዓቱ እንዳለ ይመዘገባል፤ ከጎኑ ምክንያቱ ይጻፋል፤ በእሱ የሚቀጣ ሾፌር የለም። በመጨረሻም፣ ካሁን በፊት ከተጻፈው አንድም ቁጥር እንዳይነካ ብሎ ጨመረበት። ጋራዥ ስለ መጠበቅ ያነሣ አልነበረም። አስማማው በማግሥቱ እንደ ሁልጊዜው ሦስት ቁጥርን አስነሥቶ ወጣ።

የሐምሌ ዝርዝር የተለጠፈ ዕለት ማርያማዊት መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ጋሼ ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት አለችው። ከወረቀቱ ፊት አቆመችውና ጣቷን ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ላይ አደረገች፣ የገብርኤል ዕለት። አስማማው በዚያ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ቀብር ኋላ መሄዱን ያውቃል፤ ሰባ አንድ ደቂቃ፣ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ይላል። ጣቷን ወደ ታች አወረደችው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር የሚል ሌላ መስመር አለ። የይታያል መኪና ነው። ከሥሩም ሌላ አለ፤ ከዚያም ሌላ።

«አራታችሁም» አለች ማርያማዊት።

አስማማው ያን ቀን ዓይኑ ፊት ለፊት ከሚሄደው ሕዝብ ላይ ስለነበረ በመስተዋቱ አላየም ነበር። መነጽሩን አድርጎ አራቱን መስመሮች በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፤ ደግሞም ቆጠራቸው። ዕድሜውን ሙሉ በመንዳቱ የዚያን ዕለት ያህል ኮርቶ አያውቅም። ከዚያ የኔአለምን ስልክ ደውሎ፣ መናኸሪያ ድረስ ነይ፣ የምታነቢው ነገር አለ አላት።